የአማካሪዬ ቅዳሜዎች

ማስተርስ ለመያዝ የሚያስፈልገውን ሲነግሩን ቀላል ይመስል ነበር። ኮርሶቹን ጨርሱ፣ ነጥባችሁ ከሚፈለገው በታች አይውረድ፣ ፕሮፖዛል አቅርቡ፣ አማካሪ ይመደብላችኋል፣ መረጃ ሰብስባችሁ ጻፉ፣ አማካሪያችሁ ጽሑፉ ለፈተና ይብቃ ብሎ ይፈርምላችሁ፣ ከዚያ ፈታኞች ፊት ቆማችሁ ተከላከሉ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይህን ዘርዝሮ ሲጨርስ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው "በቃ?" ብሎ ጠየቀና ሁላችንም ሳቅን። ሁላችንም ቀን ሥራ ውለን ማታ የምንማር፣ ድካማችን ፊታችን ላይ የሚነበብ ሰዎች ነበርን።

እኔ አያት አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ቤቴ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ያኔ ልጄ ገና ትንሽ ነበረች፤ አብራን የምትኖረው እናቴ ነበረች የምትይዝልኝ። ከሥራ ወጥቼ፣ ክፍል ገብቼ፣ መገናኛ ላይ ተሰልፌ ቤቴ ስደርስ ልጄ ተኝታለች። ጠዋት ስወጣም ተኝታለች። የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ለመምረጥ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ሌሊት ተነስተው ታክሲ ስለሚሰለፉ፣ መሀል ከተማ ውለው ማታ ስለሚመለሱ እናቶች እጽፋለሁ አልኩ።

አማካሪ ሲመደብ እኔ ማን እንደደረሰኝ ካዩ በኋላ የክፍል ጓደኞቼ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ አጽናኑኝ። የደረሱኝ ጡረታ ከወጡ የቆዩ፣ ትምህርት ክፍሉ በኮንትራት ያቆያቸው አንጋፋ መምህር ነበሩ። ተማሪ ያለቅሳል እንጂ እሳቸው አይለሳለሱም ይባላል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ተማሪዎቻቸውን የሚያገኙት ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ነው። ቤቱ ቦሌ ነው፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ። ግራና ቀኙ ፎቅ ሆኖ እሱ ብቻ ፎቅ ሳይሠራበት ቀርቷል፤ በአንድ በኩል እንግዳ ማረፊያ፣ በሌላው በኩል ገና በመሠራት ላይ ያለ ሕንፃ። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ ነበር፤ የሲሚንቶ ብናኝ ቅጠሉን አመድ አስመስሎታል።

መጀመሪያ ቀን ፕሮፖዛሌን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ጠበቁኝ።

"እነዚህ 'ተጓዥ እናቶች' የምትያቸው እነማን ናቸው?" አሉኝ።

"የካ አባዶ የሚኖሩ፣ ሥራቸው መሀል ከተማ የሆነ።"

"አንቺ የት ነው የምትኖሪው?"

"የካ አባዶ።"

"ልጅ አለሽ?"

"አንድ።"

"ታዲያ 'እነሱ' እያልሽ የጻፍሽው ስለ ማን ነው?"

ፕሮፖዛሉን መለሱልኝ። ሰው ራሱን ከጥናቱ ማውጣት አለበት ብለው ሲያስተምሩኝ ከርመው ነበርና ግራ ገባኝ። እሳቸው ግን ቀጠሉ።

"መጠይቁን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ ተሰለፊ።"

"እኔ እኮ በየቀኑ እሰለፋለሁ ዶክተር።"

"የምትሰለፊው ለመሄድ ነው። አሁን ለማየት ተሰለፊ። ለአንድ ወር ማንንም ምንም አትጠይቂ።"

እንዳሉኝ አደረግኩ። ለዓመታት የቆምኩበት ሰልፍ ውስጥ የማላውቀው ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከፊቴ የምትቆም አንዲት ሴት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ስልኳን አውጥታ ቤቷ ትደውላለች፤ ልጇ ዩኒፎርሙን ሲለብስ ድምጿን እንዲሰማ ነው። ስልኩን ድምጽ ማጉያ ላይ አድርገው አልጋ ላይ ያስቀምጡላትና "ካልሲህን አድርግ፣ ሌላኛው አልጋ ሥር ነው" ትለዋለች። አንዷ ቦሌ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ ለጎረቤቷ ቦታ ትይዛለች፣ ጎረቤቷ ደግሞ ማታ የእሷን ልጅ ታበላለች። አንዷ ተነስታ የመጣችበትን ሰፈር ስታነሳ "ያኔ ምሳዬን ቤቴ ነበር የምበላው" ትላለች፣ ሌላ ምንም አትጨምርም። እህቷ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላት ቦሌ ቡልቡላ ነው። አንድ ግቢ ያደጉ እህትማማቾች አሁን የሚገናኙት ሠርግ ወይ ለቅሶ ሲኖር ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ስወስድላቸው ዶክተር እዚያው አነበቡት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

"ይኸው" አሉኝ። "አሁን የምንነጋገርበት ነገር አለን።"

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ታክሲው ውስጥ መቀመጫ ባላገኝም ግድ አልሰጠኝም።

ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት። እትዬ እላቸው ነበር። እኔና ዶክተር ስንሠራ እሳቸው መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ። መጀመሪያ ላይ ለብርሃኑ ብለው እዚያ የሚቀመጡ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛውን ምዕራፍ ሳቀርብ ዶክተር ከመጽሐፍ የወሰድኩትን የንድፈ ሐሳብ ክፍል እንድቆርጠው ነገሩኝ። "ይሄ ሁሉ ኮተት ሰዎቹን ሸፈናቸው" አሉ። ቆርጬ ስመለስ ገጾቹን ወዲያና ወዲህ ገለበጡና "ንድፈ ሐሳቡ የታለ? ያለ ንድፈ ሐሳብ ምን ልትዪ ነው?" አሉኝ። ደግሜ አስገባሁት። በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና አስቆረጡኝ። ለጓደኞቼ ስነግራቸው "ነግረንሽ ነበር፣ ተማሪ የሚፈትኑት እንዲህ ነው" አሉኝ። እኔም ፈተና ነው ብዬ ተቀበልኩ። ሰው የሚያከብረውን ሰው ስህተት ቶሎ አያምንም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ስለ ሦስተኛው ምዕራፍ እየተነጋገርን ሳለ "የት ነው የምትኖሪው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ልጅ እንዳለኝም ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ትንሽ አወራን። ቀና ብለው አዩኝና በዚያው በጨዋ ድምጽ "የት ነው የምትኖሪው?" አሉኝ።

እትዬ ሹራባቸውን አስቀምጠው ተነሱ። "ሻይሽ ቀዝቅዟል፣ ልቀይርልሽ" አሉኝ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ሻይ ገና ይተን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያላየሁት ሁሉ ይታየኝ ጀመር። ስልካቸውን የሚያነሱት እትዬ ናቸው። ቀጠሮ የሚይዙት እትዬ ናቸው። ዶክተር አንድ ቃል ሲጠፋቸው ከመስኮቱ በኩል ቃሉ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ እትዬ ለራሳቸው የሚናገሩ እየመሰሉ ይጥሉላቸዋል፣ እሳቸውም አንስተው ይቀጥላሉ። ለብዙ ዓመት አብሮ የኖረ ባልና ሚስት እንዲህ ነው ብዬ አልፌው ነበር።

የመጨረሻው ሴሚስተሬ ነበር። ትምህርት ክፍሉ የጊዜ ገደቤን አንዴ አራዝሞልኛል፤ ከዚህ በኋላ ካልጨረስኩ የተማርኩት ሁሉ ይቀራል። ለፈተና ለመቅረብ የሚያስፈልገው ቅጽ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ የጎደለው የአማካሪ ፊርማ ብቻ ነው። ጽሑፉ ግን ገና ሁለት ምዕራፍ ይቀረዋል።

አንድ ቅዳሜ ስሄድ ዶክተር ደስ ብሏቸው ነበር። አዲስ የተላጨ ፊታቸው ያበራል። ገና ሳልቀመጥ "የመጣሽው ለፊርማ ነው አይደል?" አሉኝና ከኮት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። "አምጪው፣ ልፈርምልሽ። ተማሪን ማጉላላት አልወድም።"

እትዬ እጃቸው ሹራቡ ላይ ቆመ። አላዩኝም፤ መስኮቱን ነው የሚያዩት።

ቅጹን ባወጣው ኖሮ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ፊርማው የእሳቸው ነው፤ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ለትንሽ ጊዜ በደንብ አሰብኩበት። ልጄን፣ የእናቴን የወገብ ሕመም፣ የሚቀሩትን ሁለት ምዕራፎች አሰብኩ።

"አላለቀም ዶክተር" አልኩ።

"ምን ቀረው?"

"ሁለት ምዕራፍ።"

"ሁለት ምዕራፍ ምን አላት? አምጪው ግድ የለም።"

"ሲያልቅ ይሻላል።"

እስክሪብቶውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ቅር ያላቸው መሰለኝ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱና "እሺ፣ የት ነበርን?" አሉኝ። የት እንደነበርን ነገርኳቸው።

ስወጣ እትዬ እስከ በሩ ሸኙኝ። በሩን ከፍተው ግን አላሳለፉኝም። ጎን ያለው ሕንፃ ላይ ብረት የሚቆርጡ ሠራተኞች ነበሩ፤ ድምጹ እስኪያርፍ ጠበቁ።

"አወቅሽ አይደል?" አሉኝ።

"ምኑን?" አልኩ፣ እያወቅኩ።

"አትቸገሪ። እኔ ነርስ ነኝ፣ ከማንም በፊት ነው ያየሁት። መጀመሪያ የጠፋበት የመኪና ቁልፍ ነበር። ከዚያ መኪናውን ያቆመበት ቦታ። ከዚያ አንድ ቀን ለሠላሳ ዓመት የሄደበት መንገድ ጠፍቶት ከቦሌ መድኃኔዓለም ደውሎ 'ወዴት ነው የሚታጠፈው?' አለኝ። ሐኪሞቹ የሕመሙን ስም ነግረውኛል። መድኃኒት ይሰጡታል፣ ግን አይመልሰውም።"

"ትምህርት ክፍሉ ያውቃል?" አልኳቸው።

"አያውቁም። ሌሎቹ ተማሪዎቹ ጨርሰውለታል፤ አሁን የቀረሽው አንቺ ነሽ። ቅዳሜ ትመጣለች ስለው ከዋዜማው ጀምሮ ይዘጋጃል። ይላጫል፣ ሸሚዝ ይመርጣል። ሌላውን ቀን ፒጃማውን እንኳን ለማስቀየር እታገላለሁ።" ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ሄደሽ ብትነግሪያቸው አልቀየምሽም። ዲግሪው ያንቺ ነው፣ ልጅም አለሽ። ግን ከቻልሽ ትንሽ ታገሺልኝ። ጠዋት ጠዋት ይሻለዋል። በጠዋት ነይ።"

"እመጣለሁ" አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በጠዋት እሄድ ጀመር። የተጻፈ ነገር ሰጥቶ መመለስ ስለቀረ ድምጼን ከፍ አድርጌ አነብላቸው ነበር። የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ አይዙትም፤ ርዕሱን በየጊዜው እነግራቸዋለሁ፣ በየጊዜውም "ጥሩ ርዕስ ነው" ይሉኛል። ነገር ግን አንድ ነገር አልጠፋባቸውም ነበር። ማስረጃ የሌለው ዓረፍተ ነገር ሳነብ ያውቁታል። ዓይናቸውን ጨፍነው እየሰሙ ቆይተው ድንገት እጃቸውን ያነሳሉ።

"ይሄን ማን ነገረሽ?"

አንድ ቅዳሜ "ረጅሙ ጉዞ እናቶች ለልጆቻቸው ያላቸውን ፍቅር ቀንሶታል" የሚል አነበብኩ። እጃቸው ተነሳ።

"ይሄን ማን ነገረሽ?"

"ከቃለ መጠይቆቹ..."

"አነጋገርሻቸው። ከልጄ ጋር የማሳልፈው ጊዜ ቀነሰ አሉሽ። እሱን ጻፊ። ፍቅሬ ቀነሰ ያለችሽ አለች?"

አሰብኩ። አልነበረችም። በስልክ ካልሲ የምታስለብሰው ሴት ትዝ አለችኝ።

"የለችም" አልኩ።

"ታዲያ ከየት አመጣሽው?"

ከየት እንዳመጣሁት አውቅ ነበር። ከራሴ ነው። ልጄን ተኝታ ትቼ ተኝታ ሳገኛት ለራሴ የምለውን ነው የሴቶቹ አድርጌ የጻፍኩት። ዶክተር ይህን አልነገሩኝም፣ አወቁትም አልልም። "ሰርዢው" ብቻ አሉኝ፤ ሰረዝኩት። መገናኛ ደርሼ ታክሲ እስክለውጥ ድረስ መሀረቤን ከፊቴ አላነሳሁም። ማልቀሴ በሐዘን ይሁን በእፎይታ እስካሁን ለይቼ አላውቀውም።

እንዲህ አድርገን አራተኛውን ምዕራፍ ጨረስን። አምስተኛው ሲጀመር ግን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደውሎ ቢሮው ጠራኝ።

ኃላፊው በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው። ወጣት ሳለ የዶክተር ተማሪ ነበር። ስገባ በሩን ዘጋና ለትንሽ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አስተካከለ።

"ማክሰኞ ዶክተር ግቢ መጥተው ነበር" አለኝ። "ብቻቸውን። ባለቤታቸው ገበያ ወጥተው ሳለ ታክሲ ይዘው ነው የመጡት። እኔ ክፍል ነበርኩ፣ እያስተማርኩ። በሩን ከፍተው ገቡ፤ ተማሪዎቹን ሰላም አሉና 'ባለፈው ካቆምንበት እንቀጥል' አሉ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተቀመጥኩ" አለ። "ከተማሪዎቹ ጋር፣ ፊት ወንበር ላይ። ምን ላድርግ? ጠመኔ ሰጠኋቸው። አስተማሩ። እንዴት እንዳስተማሩ ብነግርሽ አታምኚም፤ እኔን ያስተማሩኝን ነው ያስተማሩት፣ ምሳሌው እንኳን አልተለወጠም። ልጆቹ ይጽፋሉ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ቆሙ። ሰሌዳውን አዩ፣ እኛን አዩ። 'ይሄ ክፍል የማን ነው?' አሉ።"

ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔም ዓይኔን ከእሱ ላይ አነሳሁ።

"ተነስቼ 'የእርስዎ ነው ዶክተር፣ ሰዓቱ አልቆ ነው' አልኳቸው። ቤታቸው ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ባለቤታቸው አጥር ሥር ቆመው አገኘናቸው።" ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ። "ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ለምን አልነገርሽንም?"

"ቅዳሜ ጠዋት ጥሩ ነበሩ" አልኩ። ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም።

አልተቆጣኝም። ኮንትራታቸው እንደማይታደስ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አማካሪዬ እሱ እንደሆነ ነገረኝ። ያለቁትን አራት ምዕራፎች ወስዶ በሳምንት ውስጥ አንብቦ ጠራኝ፤ የሚነካ ብዙ ነገር አላገኘባቸውም። የሽፋኑ ገጽ ላይ የዶክተር ስም እንዲቀር ለመንኩት። ደንቡን አውጥቶ አሳየኝ፤ በሽፋኑ የሚጻፈው የሚፈርመው ሰው ስም ነው።

"እኔም ስሜ እዚያ ላይ መሆኑን አልወደድኩትም" አለኝ። "ግን እሳቸው መፈረም አይችሉም። የምስጋናው ገጽ ያንቺ ነው፣ እዚያ የፈለግሽውን ጻፊ።"

ያን ሳምንት እትዬ ጋ ደወልኩ። ቅዳሜ እንደምመጣ ነገርኳቸው።

"ሌላ አማካሪ ተመድቦልሻል አሉኝ እኮ።"

"ተመድቦልኛል።"

"ታዲያ ለምን ትደክሚያለሽ?"

"አምስተኛውን ምዕራፍ አላነበብንም" አልኳቸው።

ያ ክፍል ውስጥ የሆነው ነገር ዶክተርን ጎድቷቸው ነበር። ምን እንደሆነ አያስታውሱትም፤ አንድ ነገር እንደሆነ ግን የሚያውቁ ይመስላሉ። ፊታቸው ላይ አዲስ ፍርሃት ነበር። ስገባ እትዬን ቀና ብለው ያያሉ፣ እትዬ ፈገግ ካሉ እሳቸውም ፈገግ ይላሉ። ሸሚዛቸው ንጹሕ ነው፤ ቁልፉ ግን አንድ ቀዳዳ እያለፈ ይቆለፋል። አነብላቸዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜዎች እጃቸው ተነስቷል፤ "ይሄን ማን..." ብለው ግን ዓረፍተ ነገሩ ይጠፋባቸዋል። እኔ እጨርስላቸውና መልሱን ራሴ እሰጣለሁ። ቀስ በቀስ እጃቸውም መነሳት ተወ።

አንድ ቅዳሜ ሳነብ ቆይቼ ወረቀቱ ላይ ያልነበረ ነገር ጨመርኩ። "በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል የሚኖሩ እናቶች ሁሉ በሕይወታቸው ደስተኞች አይደሉም" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ። ቆም ብዬ ጠበቅኩ። ድሮ ቢሆን ወንበሩን ለቅቀው የሚነሱበት ዓረፍተ ነገር ነው።

ዶክተር ዓይናቸውን ገለጡ። "ጥሩ ነው" አሉኝ። "ቀጥይ።"

መቀጠል አቃተኝ። ወረቀቱን የማስተካክል መስዬ ጎንበስ አልኩ። እትዬ ከመስኮቱ ጋ ተነስተው መጡና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። እሳቸውም ሰምተዋል።

"ለዛሬ ይብቃችሁ" አሉ። "ሁለታችሁም ደክሟችኋል።"

የተከላከልኩት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እናቴ ልጄን አስከትላ መጣች፤ ልጄ ከኋላ ተቀምጣ እግሯን ስታወዛውዝ ይታየኝ ነበር። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ጠንካራ ሴት ነበሩ። የራሴን ሰፈር በማጥናቴ አድልዎ እንዳልገባበት በምን እንደማውቅ ጠየቁኝ። የሰረዝኩትን ዓረፍተ ነገር ነገርኳቸው፤ ከየት እንዳመጣሁትና ለምን እንዳወጣሁት። ይህን ለማለት አላሰብኩም ነበር። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝና "ማን አስተዋለልሽ?" አሉኝ።

"የመጀመሪያው አማካሪዬ" አልኩ። ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ ሲያሽከረክር ነበር፤ ተወው።

አለፍኩ። ሰው ጨበጠኝ፣ ፎቶ ተነሳን፣ እናቴ እልል ልትል ብላ አፍራ ተወችው። እርማቱን ሠርቼ፣ አስጠርዤ፣ የሚገባውን ቅጂ ለትምህርት ክፍሉና ለቤተ መጻሕፍቱ አስረክቤ ጨረስኩ። የሚጠበቅብኝ ነገር ሁሉ ተሟላ ተባልኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያን ቀን ከግቢ ስወጣ የሆነ ነገር ረስቼ የምሄድ ይመስለኝ ነበር፤ ቦርሳዬን ደጋግሜ አየሁ።

ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ እትዬ ደወሉልኝ። ብቻቸውን ስላልቻሉ ሐዋሳ ያለች ልጃቸው ልትወስዳቸው መጥታለች፤ ቤቱም ተከራይቷል። ለመሰናበት ስሄድ ግቢው በካርቶን ተሞልቶ ነበር። የጽሑፌን አንድ ቅጂ አምጥቼላቸው ነበር፤ እትዬ ተቀበሉኝና የድሮ ተማሪዎች ጽሑፎች የታሸጉበትን ካርቶን ከፍተው ጨመሩት። ካርቶኑ ጢም ብሎ ነበር፤ ሌሎቹን ገፋ ገፋ አድርገው አስገቡት። ከዚያ እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ዕቃ ማውጣት ጀመርኩ፤ ብርጭቆ በጋዜጣ ጠቀለልኩ፣ ትራስ ተሸከምኩ።

ዶክተር መኪናው ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። የክረምት ካፖርት ለብሰዋል። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ጠጋ ብዬ "ዶክተር፣ መልካም መንገድ ይሁንልዎት" አልኳቸው።

በትሕትና ባርኔጣቸውን ነካ አደረጉ። "ከልብ እናመሰግናለን" አሉኝ። "እርስዎንም አደከምንዎት። ጎረቤት እንዲህ ሲሆን ጥሩ ነው። ቤትዎ እዚሁ ነው?"

እንዲያ ብለውኝ አያውቁም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቺ ነበርኩ፤ ሲቆጡኝም፣ ሲያመሰግኑኝም። እርስዎ ሲሉኝ ነው በትክክል የገባኝ።

"አዎ" አልኩ። "እዚሁ ነው።"

"እንግዲያው ደህና ይሁኑ።"

እትዬ አቅፈው ሳሙኝ። መኪናው ግቢውን ለቅቆ፣ ድንጋይ የጫነ ከባድ መኪና እስኪያልፍ ቆሞ ጠብቆ፣ ወደ ዋናው መንገድ ታጠፈ። የግቢው ዘበኛ በሩን ዘጋ።

ዶክተር ያረፉት በዓመቱ ነው፣ ሐዋሳ። እትዬ ደውለው ነገሩኝ፤ ቀብሩ አልፎ ነበር። ቅዳሜና እሑድን ተጠቅሜ በአውቶቡስ ወረድኩ። ልጃቸው ቤት ፍራሽ ላይ እትዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው አብዛኛው የልጅቷ የሥራ ባልደረባ ነው፣ ዶክተርን የሚያውቃቸው እንደ አንድ የታመመ ሽማግሌ ብቻ ነው። እትዬ ለሚመጣው ሁሉ "ይቺ ተማሪው ናት" እያሉ ያስተዋውቁኝ ነበር። አንድ ሰውዬ በምን እንደተመረቅኩ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ "ጎበዝ" አለኝ።

ሰው ሲቀንስ እትዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ መጨረሻው አካባቢ ዶክተር አይናገሩም ነበር አሉኝ። ይሰማሉ ግን። "ጋዜጣም ይሁን ምንም፣ ያገኘሁትን አነብለት ነበር" አሉኝ። "ማንበብ ሳቆም ያየኛል።"

እኔ አሁንም አያት አስተምራለሁ። ደሞዜ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ታክሲው ግን አልተለወጠም። ልጄ አሁን ትምህርት ቤት የምትሄደው ከእኔ ጋር ስለሆነ ጠዋት አብረን እንሰለፋለን፤ እንቅልፏ ስላልወጣላት ራሷን ጎኔ ላይ ታስደግፋለች። እትዬና እኔ አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። ስለ እትዬ ጤና፣ ስለ ሐዋሳ ሙቀት፣ ስለ ልጄ ትምህርት እናወራለን። ስለ ዶክተር ብዙ አናነሳም። ልንሰነባበት ስንል እትዬ "በይ፣ ካርድሽ አይለቅ" ይሉኝና ስልኩን ይዘጉታል።